ምድብ ማለት ማኮብኮቢያ ብቻ አይደለም፦ ስለ እንግሊዝ አየር ኃይል ሰፈሮች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «የእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል በሀገሩና በባሕር ማዶ ስንት ምድብ አለው? 4 ታይፎን ተዋጊ ጄቶች በደቡብ አትላንቲክ እስካሉት ፎክላንድ ደሴቶች ድረስ ሄደው እንዴት ይቀመጣሉ? ሌክንሂዝ የሚባለው ቦታ ‹አርኤኤፍ› እየተባለ፣ ውስጡ ያሉት አሜሪካውያን ናቸው የሚባለውስ እውነት ነው?»

አጭር መልስ ያለው የመጨረሻው ስለሆነ ከሱ ልነሣ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።) አዎ፣ እውነት ነው። በምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኙት ሌክንሂዝና ሚልደንሆል ስማቸው «አርኤኤፍ» (የእንግሊዝ ንጉሣዊ አየር ኃይል ምሕጻረ ቃል) ብሎ ቢጀምርም የሚሠሩባቸው የአሜሪካ አየር ኃይል ክፍሎች ናቸው። ሌክንሂዝ ላይ ኤፍ-15ኢ እና ኤፍ-35ኤ ተዋጊዎች፣ ሚልደንሆል ላይ ደግሞ ኬሲ-135 የተባሉት ነዳጅ አቀባይ አውሮፕላኖች አሉ። መሬቱ የእንግሊዝ መንግሥት ስለሆነ ስሙ እንደ ድሮው ቆይቷል፤ እንግሊዞቹም አንድ መኮንን በቦታው ያስቀምጣሉ። ማዕረጉ ግን ስኳድሮን ሊደር ነው፤ በእኛ ሻለቃ እንደማለት። ዋና ሥራውም ሁለቱን ወገኖች ማገናኘት ነው። ስለዚህ ካርታ ላይ «አርኤኤፍ» የሚለውን ስም እየቆጠሩ የምድብ ብዛት ማግኘት አይቻልም።

ቆጠራው በሌላ በኩልም ያሳስታል። ሃይ ዊኮም የአየር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ነው፤ ተዋጊ ጄት የሚነሣበት ቦታ አይደለም። ፋይሊንግዴልስ የባሊስቲክ ሚሳይል ማስጠንቀቂያ ራዳር ነው። ሁለቱም «አርኤኤፍ» ይባላሉ። በተቃራኒው ስኮትላንድ ውስጥ ያለው ሉከርስ በ2015 ለምድር ጦር ተላልፎ ስሙ ተቀይሯል፤ ማኮብኮቢያው ግን ዛሬም ለአየር ኃይሉ ይጠቅማል፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ታች አሳያለሁ። እንግዲህ ቁጥር ከምሰጥዎ እያንዳንዱ ምድብ የሚሠራውን ብነግርዎ ይሻላል። ስለ ማንኛውም የአየር ኃይል ምድብ ሲያነቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ነዳጁ በምን ይገባል? መሬቱንና ሰማዩን የሚፈቅደው ማን ነው? ማኮብኮቢያው ቢዘጋ በአየር ላይ ያለው አውሮፕላን ወዴት ይሄዳል? ሃንጋሩና የጄቱ ዓይነት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

በሀገር ቤት ተዋጊዎቹ ሦስት ቦታ ናቸው። ታይፎኖቹ በእንግሊዟ ሊንከንሻየር ኮኒንግስቢ፣ በሰሜን ስኮትላንድ ደግሞ ሎሲማውዝ ላይ ይገኛሉ፤ ኤፍ-35ቢዎቹ ኖርፎክ ውስጥ ማርሃም ላይ ናቸው። ማርሃም ለዚህ ጄት ሲዘጋጅ ማኮብኮቢያውን ማደስ ብቻ አልበቃም። ኤፍ-35ቢ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ማረፍ ስለሚችል የሞተሩ እሳት መሬቱን ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ተራ አስፋልት ይቀልጣል፣ ተራ ኮንክሪት ይሰነጠቅና ፍንጣሪው ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሙቀት የሚችል ልዩ ኮንክሪት የተነጠፈባቸው ማረፊያ መደቦች ተሠርተውለታል።

ኮኒንግስቢና ሎሲማውዝ ከሥልጠናና ከዘመቻ በላይ አንድ የማይቋረጥ ግዴታ አለባቸው፤ እሱም የተጠንቀቅ ተረኝነት ነው። ቀንና ሌሊት፣ በዓልም ቢሆን፣ ሚሳይል የታጠቁ ታይፎኖች ለመነሣት ዝግጁ ሆነው ይቆማሉ። አብራሪውና የመሬት ባለሙያዎቹ ከጄቱ አጠገብ ባለ ክፍል የበረራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ውለው ያድራሉ። ትእዛዙ የሚመጣው ከራዳር መረብ ነው። በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘው ቦልመር መቆጣጠሪያ ማዕከል በባሕር ዳርቻ ከተተከሉት ራዳሮች የሚመጣውን ሥዕል አንድ ላይ ያያል። ከነዚህ ራዳሮች የሰሜን ጫፉ ሼትላንድ ደሴቶች ውስጥ ሳክሳ ቮርድ ላይ ነው። በ2006 ተዘግቶ ነበር፤ የሩሲያ ረጅም ርቀት አውሮፕላኖች እንቅስቃሴ እንደገና ሲበረታ በ2018 ራዳር ተመልሶ ተተከለበት። የተዘጋ ምድብ መሬቱ ካልተሸጠ ሞተ አይባልም የምለው ለዚህ ነው።

ተረኞቹ የሚነሡት ለሩሲያ አውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ ሬዲዮው የጠፋ የመንገደኞች አውሮፕላንም ያስነሣቸዋል። ሰዎች የሚዘነጉት ግን ብራይዝ ኖርተን ከሚባለው ምድብ የሚነሣውን ነዳጅ አቀባይ አውሮፕላን ነው። የሩሲያ ቱ-95 በሰሜን ባሕር ላይ ለሰዓታት ሊንሸራሸር ይችላል፤ ታይፎን ያለ ተጨማሪ ነዳጅ ያን ያህል አብሮት ሊቆይ አይችልም። ጄቱ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ቆይታውን የሚሰጠው ግን ከኋላው የሚከተለው ትልቁ አውሮፕላን ነው።

አሁን ወደ ሉከርስ ልመለስ። በ2020 የሎሲማውዝ ማኮብኮቢያ እንደ አዲስ መነጠፍ ነበረበት። የሰሜኑ ተረኝነት ደግሞ ለአንድ ሌሊትም አይቋረጥም። የተገኘው መፍትሔ ታይፎኖቹን ለጥቂት ሳምንታት ወደ ሉከርስ ማዛወር ነበር። በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹ ፒ-8 ፖሳይደን የባሕር ቃኚዎች ከአሜሪካ ሲመጡ ቤታቸው ሎሲማውዝ ገና ዝግጁ ስላልነበር፣ አጠገቡ ባለው በቀድሞው የኪንሎስ አየር ምድብ አረፉ። ኪንሎስ ከ2012 ጀምሮ የምድር ጦር ሰፈር ነው። ሁለቱም ጊዜ ያዳነው «ትርፍ» ተብሎ የተተወው ማኮብኮቢያ ነው። ምድብ በመዝጋት ገንዘብ እናድን የሚል ሁሉ ይህን ዓመት ሊያስታውሰው ይገባል፤ ማኮብኮቢያ በየተወሰነ ዓመቱ መነጠፉ አይቀርም፣ በዚያ ሰዓት ሁለተኛ ከሌለ ሥራው ይቆማል።

ከቀሩት ዋዲንግተን የቃኚዎቹ ቤት ነው፤ 3 አርሲ-135 ሪቬት ጆይንት እና ሰው አልባው ፕሮቴክተር እዚያ ናቸው። ኦዲሃም የቺኑክ ሄሊኮፕተር ነው። ክራንዌል የመኮንኖች ኮሌጅ፣ ዌልስ ውስጥ ያለው ቫሊ ደግሞ የጄት አብራሪዎች ማሠልጠኛ ነው።

ብራይዝ ኖርተን ግን ለብቻው መታየት አለበት። ኦክስፎርድሻየር ውስጥ ነው፤ የአየር ኃይሉ ትልልቅ የጭነትና የነዳጅ አውሮፕላኖች በሙሉ እዚህ ተሰብስበዋል፦ 8 ሲ-17፣ 22 ኤ400ኤም አትላስ፣ እና ቮየጀሮቹ። ቮየጀር የሚባለው ኤርባስ ኤ330 የመንገደኛ አውሮፕላን ሆኖ ነዳጅ እንዲያቀብል የተሠራ ነው። 111 ቶን ገደማ ነዳጅ ይይዛል፤ የሚይዘውም በራሱ መደበኛ የነዳጅ ጋኖች ውስጥ ነው፣ ተጨማሪ ጋን አልተገጠመለትም። ስለዚህ ነዳጅ እያቀበለ 291 ሰው ማሳፈርም ይችላል። በውሉ መሠረት 14 ናቸው፤ 9ኙ ሁልጊዜ ለአየር ኃይሉ፣ 5ቱ ሲያስፈልግ የሚጠሩ።

ቀድሞ ጭነቱ በሁለት ምድብ የተከፈለ ነበር፤ ሄርኩለስ የተባሉት የጭነት አውሮፕላኖች ሊነም ላይ ነበሩ። በ2011 ወደ ብራይዝ ኖርተን ተጠቃለሉ፣ ሊነምም በቀጣዩ ዓመት ተዘጋ። አስተዳደሩ ቀለለ፣ አደጋው ግን አንድ ቦታ ተከማቸ። በሐምሌ 2022 እንግሊዝን የመታው ያልተለመደ ሙቀት የብራይዝ ኖርተንን ማኮብኮቢያ አልስልሶት በረራ ለጊዜው ቆመ፤ አውሮፕላኖቹም ወደ ሌሎች ማረፊያዎች ተላኩ። በሰኔ 2025 ደግሞ ተቃዋሚዎች በኤሌክትሪክ ስኩተር አጥሩን አልፈው ገብተው በሁለት ቮየጀሮች ሞተር ውስጥ ቀይ ቀለም ረጩ። የሞተር ውስጥ ቀለም እንደ መኪና ቀለም ታጥቦ የሚለቅ አይደለም፤ የሞተሩን ምላጮች አንድ በአንድ ፈትሾ ማረጋገጥ ይጠይቃል። ከ9 ቋሚዎች ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ሲጎድሉ፣ ጉድለቱ ሎሲማውዝ ላይም፣ ፎክላንድ ላይም ይሰማል። እንደ እኔ እምነት የእንግሊዝ አየር ኃይል ትልቁ ድክመት ባሕር ማዶ ሳይሆን እዚሁ ኦክስፎርድሻየር ውስጥ ነው።

የሀገር ቤቱ ነዳጅ በአብዛኛው በመሬት ውስጥ ቧንቧ ነው የሚሄደው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተዘረጋው የመንግሥት የቧንቧ መረብ ከወደቦችና ከማጣሪያዎች ተነሥቶ ወደ አየር ምድቦችም ወደ ትልልቅ የመንገደኛ ኤርፖርቶችም ይደርሳል። መንግሥት በ2015 ለአንድ የስፔን ኩባንያ ሸጦታል፤ ኩባንያው ዛሬ ኤክሶለም ይባላል። ቦቴ መኪና በመንገድ ሲጨናነቅ የቧንቧው ፍሰት አይቋረጥም። የባሕር ማዶ ምድቦች የጎደላቸው ይህ ነው፤ እነሱ ጋ ነዳጅ የሚመጣው በመርከብ ነው።

ወደ ባሕር ማዶ ስንሻገር ቋሚ የሚባሉት አራት ናቸው፦ ቆጵሮስ ላይ አክሮቲሪ፣ ጂብራልታር፣ በአትላንቲክ መሐል አሴንሽን፣ እና ፎክላንድ ላይ ማውንት ፕሌዘንት። አራቱም ደሴት ወይም የባሕር ዳር ድንጋይ ናቸው፤ አራቱም በእንግሊዝ ሉዓላዊነት ሥር ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በሰው አገር የተሠሩት አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ኢራቅ ውስጥ ሐባኒያ በ1959፣ ኤደን ውስጥ ኮርማክሳር በ1967፣ ሊቢያ ውስጥ ኤል አደም በ1970፣ ማልታ በ1979። ማኮብኮቢያዎቹ አልተበላሹም፤ የጠፋው ፈቃዱ ነው።

አክሮቲሪ ከሁሉም ሥራ የሚበዛበት ነው። ቆጵሮስ በ1960 ነፃ ስትወጣ እንግሊዝ አክሮቲሪንና ዴኬሊያን የያዙ ሁለት ቁራሽ መሬቶችን ለራሷ አስቀረች፤ አንድ ላይ 254 ካሬ ኪ.ሜ. ይሆናሉ፣ ከደሴቲቱ 3 በመቶ ገደማ። የኪራይ ውል ስላልሆነ የሚያልቅበት ቀን የለውም። ከብራይዝ ኖርተን 3,300 ኪ.ሜ. ያህል ይርቃል፤ ቤሩት ግን ከ250 ኪ.ሜ. አይርቅም። ከ2014 ጀምሮ ኢራቅ፣ ከታኅሣሥ 2015 ጀምሮ ደግሞ ሶሪያ ውስጥ እስላማዊ መንግሥት በሚባለው ቡድን ላይ የተካሄደው የአየር ዘመቻ የተነሣው ከዚህ ነው። በጥር 2024 የመን ውስጥ ሁቲዎችን የመቱት 4 ታይፎኖችም ከዚሁ ተነሥተዋል። ያኛው በረራ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ2,000 ኪ.ሜ. በላይ ስለሆነ ያለ ቮየጀር የሚታሰብ አልነበረም። አክሮቲሪ ራሱ ቋሚ የተዋጊ ስኳድሮን (የአውሮፕላኖች ክፍል) የለውም። ጄቶቹና አብራሪዎቹ ከሀገር ቤት በየተራ ይመጣሉ፣ ቋሚ ሆኖ የሚኖረው 84ኛው የሄሊኮፕተር ስኳድሮን ነው።

እዚህ ላይ የሰማይ ፈቃድ ነገር ይነሣል። መሬቱ የእንግሊዝ ቢሆንም ከአክሮቲሪ የተነሣ ጄት ወደ ምሥራቅ ለመሄድ የሌላ አገር ሰማይ ማቋረጡ አይቀርም። ምድብ መያዝ የመነሻ መብት ይሰጣል፣ የመንገድ መብት ግን አይሰጥም። የዘመቻ ዕቅድ አውጪዎች ካርታ ላይ ቀጥታ መስመር የማይስሉት ለዚህ ነው።

ጂብራልታር ላይ ብዙ አልቆይም። ቋሚ አውሮፕላን የለውም፤ መሸጋገሪያና የችግር ጊዜ ማረፊያ ነው። ማኮብኮቢያው አጭር ነው፤ የከተማው ዋና መንገድ ያቋርጠው ስለነበር አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር መኪና ይቆም ነበር፤ በመጋቢት 2023 በሥሩ የሚያልፍ ዋሻ ተከፈተ። ዋነኛው ችግሩ ነፋስ ነው። ነፋሱ ትልቁን አለት ሲዞር ይሸበለላል፤ ያኔ ማረፍ አይቻልም፣ አውሮፕላኑ ወደ ሌላ ይላካል። ስፔንም ወደ ጂብራልታር የሚሄድ የእንግሊዝ ወታደራዊ በረራ በሰማይዋ እንዳያልፍ ለረጅም ዘመን ከልክላ ቆይታለች፤ አብራሪዎች በባሕሩ በኩል ጠምዝዘው መግባት ለምደዋል።

ወደ ፎክላንድ ጥያቄዎ ለመድረስ በአሴንሽን ማለፍ ግድ ነው። ከብራይዝ ኖርተን እስከ አሴንሽን 6,700 ኪ.ሜ. ገደማ፣ ከአሴንሽን እስከ ማውንት ፕሌዘንት 6,300 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ደሴቲቱ መንገዱን እኩል ለሁለት የምትከፍል የእሳተ ገሞራ ጉብታ ናት። የእንግሊዝ ግዛት ናት፣ ማኮብኮቢያውን ግን አሜሪካኖች በ1942 ሠርተውታል፣ የሚያስተዳድሩትም እነሱ ናቸው። ዋይድአዌክ የሚባለው በደሴቲቱ በምትራባ የባሕር ወፍ ስም ነው። ርዝመቱ 3,000 ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ባሕር መሐል ትልቅ ሀብት ነው።

ጥልቅ ወደብ የላትም። የነዳጅ መርከብ ከባሕር ዳር ርቃ ትቆምና በተንሳፋፊ ቱቦ ወደ ጆርጅታውን ማጠራቀሚያ ትገፋዋለች፤ ማዕበል ሲበረታ ይህ ይቆማል። በ1982 እንግሊዝና አርጀንቲና በፎክላንድ ምክንያት በተዋጉ ጊዜ ደግሞ ነዳጁን ከማጠራቀሚያው እስከ ማኮብኮቢያው ቦቴዎቹ ሊያደርሱት ስላልቻሉ፣ የምድር ጦር መሐንዲሶች ጊዜያዊ ቧንቧ ዘረጉ። የዚያ ጦርነት የአየር ሥራ በዚያ ቧንቧ ላይ የቆመ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ከአሴንሽን ተነሥቶ ፎክላንድ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳየው ሚያዝያ 30 ሌሊት 1982 የተደረገው የመጀመሪያው የቮልካን በረራ ነው። አንድ ቦምብ ጣይ አርጀንቲና ወደያዘቻት የፎክላንድ ዋና ከተማ ስታንሊ አድርሶ ለመመለስ 11 ቪክተር ነዳጅ አቀባዮች ተነሡ፤ ቪክተር ለቪክተር ያቀብላል፣ የመጨረሻው ለቮልካን። ተመራጩ ቮልካን ኤክስኤም598 ነበር። ተነሥቶ ሲወጣ ግን የአብራሪው የጎን መስኮት የላስቲክ ማሸጊያ አልይዝ አለ። ማሸጊያው ካልያዘ ክፍሉ አየር አይይዝም፤ አየር ካልያዘ ከፍታ ላይ 16 ሰዓት መብረር አይቻልም። ተመለሰ፤ መጠባበቂያው ኤክስኤም607 ተተካ። ደቡብ ላይ በማዕበል ውስጥ ነዳጅ ሲቀባበሉ የአንዱ ቪክተር መቀበያ ቧንቧ ተሰበረና ሁለቱ ቪክተሮች በአየር ላይ ሚና ተለዋወጡ። ይህ ሁሉ አልፎ ከ21 ቦምቦች አንዱ የስታንሊን ማኮብኮቢያ መሐሉን መታው። በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ የሌላ ቮልካን መቀበያ ቧንቧ ሲመለስ ተሰበረ። ወደ አሴንሽን የሚያደርስ ነዳጅ ስለሌለው ሪዮ ዴ ጃኔሮ ለማረፍ ተገደደ፤ ብራዚልም ለቀናት ያዘችው። «ማኮብኮቢያው ቢዘጋ ወዴት?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ቧንቧው ቢሰበር ወዴት?» የሚለውም አብሮ መጠየቅ እንዳለበት ይህ በረራ አስተማረ።

ከጦርነቱ በኋላ የስታንሊ ማኮብኮቢያ ለተዋጊ ጄት አጭር ስለነበር በአሉሚኒየም ሳንቃ ተረዘመ። ያ ግን ጊዜያዊ ነበር፤ ማውንት ፕሌዘንት ከባዶ መሬት ተሠርቶ በግንቦት 1985 ተከፈተ። ዋናው ማኮብኮቢያ 2,590 ሜትር ነው፤ ሁለተኛ አጭርም አለው። ነዳጁና ከባዱ ዕቃ በአቅራቢያው ባለው ሜር ሐርበር በመርከብ ይገባል። እዚያ ያሉት 4 ታይፎኖች የ1435ኛ ፍላይት (ከስኳድሮን ያነሰ ክፍል) ናቸው፤ ስማቸው እምነት፣ ተስፋ፣ በጎ አድራጎት እና ተስፋ መቁረጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በ1940 ማልታን ከጠበቁት ሦስት ግላዲያተር አውሮፕላኖች የተወሰዱ ናቸው። አብሯቸው ነዳጅ አቀባይ ቮየጀር ይቀመጣል። በነሱ ዙሪያ ደግሞ በደሴቶቹ ተራሮች ላይ የተተከሉ ራዳሮች አሉ።

«እንዴት ይደርሳሉ?» ላሉት፣ ሥራው የሚጀምረው ጄቱ ከመነሣቱ ሳምንታት በፊት ነው። መጀመሪያ በመንገድ ላይ ካሉ አገሮች ሁሉ የሰማይና የማረፊያ ፈቃድ ይጠየቃል። ቀጥሎ የጥገና ባለሙያዎች፣ መለዋወጫና የመሬት መሣሪያ በሲ-17 ወይም በአትላስ ቀድሞ ይሄዳል፤ ጄቱ የሚያርፈው ተቀባይ ቀድሞ በደረሰበት ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ታይፎኖቹ ከቮየጀር ጋር ይነሣሉ። ከቮየጀሩ ክንፍ ሥር ረጅም ቱቦ ይለቀቃል፤ ጫፉ ላይ እንደ ቅርጫት የተከፈተ አፍ አለው። የታይፎኑ አብራሪ ከአፍንጫው በስተቀኝ የሚወጣውን ቧንቧ ወደ ቅርጫቱ እየቀረበ ይሰካዋል። ቀስ ካለ አይገባም፤ ከፈጠነ ቱቦው እንደ ጅራፍ ይወናጨፍና የቧንቧውን ጫፍ ይሰብረዋል።

ቁልፉ ነገር ነዳጁ የሚሞላበት ቦታ ነው። ጄቱ ሊያልቅበት ሲል አይደለም የሚሞላው። መሙላቱ ባይሳካ በቀረው ነዳጅ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ መድረስ በሚችልበት ነጥብ ላይ ነው። ስለዚህ የጄቱ ነዳጅ ገና ብዙ ሳይጎድል ደጋግሞ ይሞላል። የምዕራብ አፍሪካ ዳርቻና የአትላንቲክ ደሴቶች ያላቸው ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ከአሴንሽን ወደ ደቡብ ካለፉ በኋላ ግን ተለዋጩ እየራቀ ይሄዳል፤ ማውንት ፕሌዘንት አካባቢ ያለው ቅርብ ማረፊያ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ፑንታ አሬናስ ወይም ሞንቴቪዴዮ። ማውንት ፕሌዘንት ራሱ ነፋስ ከሰሜን ሲመጣ አስቸጋሪ ነው፤ ከኮረብታዎቹ ጀርባ የሚሽከረከር አየር ስለሚፈጠር የመንገደኛ በረራ ሳይቀር የሚዘገይበት ቀን አለ። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ትልቅ አውሮፕላን ደርሶ ማረፍ ባይችል ዞሮ ሌላ አገር የሚደርስበትን ነዳጅ ይዞ ነው የሚሄደው፤ በዚያ ክብደት ልክ ጭነቱ ይቀንሳል።

አሴንሽን ብትዘጋስ? ተዘግታም ታውቃለች። በ2017 የዋይድአዌክ ማኮብኮቢያ ተቦርቡሮ ለትልልቅ አውሮፕላኖች ተከለከለ፣ ጥገናውም ዓመታት ፈጀ። የፎክላንድ በረራ በኬፕ ቨርዴ፣ ኋላም በዳካር ዞረ። ይህ ማለት የራስን ደሴት ትቶ በሰው አገር በጎ ፈቃድ ማደር ነው። ፎክላንድ አልተቋረጠችም፤ ለዚያ ግን የሁለት አገሮች ፈቃድ አስፈልጓል።

ከአራቱ ውጭ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ቀጠር ውስጥ አል ኡዴይድና በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ አል ሚንሃድ ላይ የእንግሊዝ አየር ኃይል ክፍሎች አሉ፤ ኦማንም እንዲሁ። እዚያ ግን እንግዳ ናቸው፤ ባለቤቱ ቤቱን የሚፈልግ ቀን ይወጣሉ። በኢስቶኒያ፣ በሊቱዌኒያ ወይም በሮማኒያ የሚታዩት ታይፎኖች ደግሞ ለጥቂት ወራት የኔቶ ተረኛ ሆነው የሄዱ ናቸው፤ ምድብ አይባሉም።

ይህ መረብ የእኛንም አገር ነክቷል። በሰኔ 1940 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በአየር ኃይሉ ሰንደርላንድ የባሕር አውሮፕላን እስክንድርያ ደርሰው፣ ከዚያ ወደ ካርቱም አለፉ። በዚያው ዓመት ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ድሬዳዋንና አሰብን የያዘውን የጣሊያን ጦር ደበደቡ። ከሁሉም የሚታወሰው ግን የ1977ቱ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ረሃብ ነው። ከኅዳር 1984 ጀምሮ የሊነም ሄርኩለሶች አዲስ አበባ ሰፍረው ከአንድ ዓመት በላይ እህል አመላለሱ፤ ማረፍ በማይቻልበት ሰሜናዊ ገደላገደል ደራርቦ በታሸገ ጆንያ ከዝቅተኛ ከፍታ እየጣሉ አለፉ። ያኔ ኤደን ከጠፋች 17 ዓመት ሆኗታል፤ በቅርብ የራሳቸው ምድብ አልነበራቸውም። መነሻቸው ቦሌ ነበር፣ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩም ክንፉም ይደክማሉ፤ በባሕር ጠለል የሚነሣውን ጭነት ይዞ መነሣት አይቻልም። ለአንድ የጭነት አውሮፕላን አሴንሽንና ቦሌ እኩል ርዝመት ያለው ማኮብኮቢያ ቢኖራቸው እንኳ እኩል አይደሉም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ወደፊት ዜና ሲያነቡ ይጠቅምዎታልና። ቮየጀር የሚያቀብለው በቱቦና በቅርጫት ብቻ ነው፤ አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት፣ ከአውሮፕላኑ ጅራት ሥር የሚወርደው ግትር ቧንቧ የለውም። የእንግሊዝ ሲ-17፣ ሪቬት ጆይንትና ፖሳይደን ደግሞ በግትሩ ቧንቧ ብቻ ነው የሚቀበሉት። አየር ኃይሉ እነዚህን የራሱን አውሮፕላኖች በራሱ ነዳጅ አቀባይ መሙላት አይችልም ማለት ነው፤ ወይ አሜሪካዊ ኬሲ-135 ይለምናል፣ ወይ መንገድ ላይ ያርፋል። በ2025 መንግሥት 12 ኤፍ-35ኤ ገዝቶ ማርሃም ላይ እንደሚያስቀምጥ አስታውቋል፤ ይህኛው ዓይነትም የሚቀበለው በግትሩ ቧንቧ ነው። ስለዚህ «ጄቶች ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ተላኩ» የሚል ዜና ሲያገኙ የጄቱን ቁጥር ትተው ከሱ በፊት የትኛው ነዳጅ አቀባይ፣ ስንት ሲ-17፣ ከየት እንደተነሣ ይፈልጉ። እነሱ ካልተንቀሳቀሱ ጄቶቹ ገና ሰፈራቸው ናቸው።